ያልታጠበው ጋቢ

ትናንት ጠዋት ራህማ በሬን ገፋ አድርጋ ገብታ አሮጌ ጨርቅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ራህማ የቀድሞ ጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ የልጅ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ በአያቷ ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያደረገ ቤት አሠርታለች። አዲሱን ቁም ሳጥኗን ሰም ልትቀባ ነበር። የሰሙን ቆርቆሮ ከፍታ በእጇ ይዛው ስለመጣች ሽታው ቀድሟት ገባ። የወለል ሰም ሽታ ትንሽ እንደ ናፍጣ፣ ትንሽ እንደ ማር ሆኖ አፍንጫ ውስጥ ይቆያል። ቆይ ልፈልግልሽ ብያት ወደ ጓዳ ገባሁና የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ከሳጥኑ ሥር የተቀመጠው ጋቢ፣ ስድሳ ዓመት አልፎትም፣ የሚሸተው ያንኑ ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ አዲስ አበባን ሊያሳየን አባቴ ቃል የገባልን ገና ክረምት ሳይገባ ነው። ታናሽ ወንድሙ እዚያ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ የሳንቃ ወለል ያለው ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሠርጉ ላይ ከእኛ ወገን ማንም ስላልተገኘ፣ ጉዞው ከተማ ማየትም ሙሽራ ማየትም ሆነ። እኔ በየቀኑ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ከወዲያ ማዶ ካሉት ተራሮች ጀርባ አዲስ አበባ ያለች እየመሰለኝ፣ ወደዚያ እመለከት ነበር። አቅጣጫውን እንኳ ስቼው እንደነበር ያወቅሁት አውቶቡሱ ወደ ሌላ ወገን ሲዞር ነው።

እናቴ ሙሽራ ቤት ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ፈተለች። ጥጡን ከውጫሌ ገበያ አመጣች፤ ፍሬውን እኔ ለቀምኩ፤ እትዬ ዘይነባ በደጋን እየነደፈች አመልማሎውን ታቀብላት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለቱ በእንዝርታቸው ላይ አጎንብሰው የማያውቋትን ሙሽራ ይስሏት ነበር፤ አንዴ ረጅም፣ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሳቂታ ትሆናለች። እናቴ እጅ ላይ ክሩ ወፈር ሲል እትዬ ዘይነባ፣ «ይቺን በባልየው በኩል አድርጊያት፣ ወንድ አያይም» ትላትና ሁለቱም ይስቃሉ።

ጋቢው ከሸማኔው ቤት ሲመጣ አልታጠበም። በእኛ ዘንድ ለሙሽራ የሚሰጥ ጋቢ ከሸማኔ እጅ እንደወጣ ነው የሚሰጠው፤ የሌላ ሰው ገላ እንዳልነካው ይታወቅ ዘንድ የመጀመሪያውን ውኃ ራሷ ሙሽራዋ ታስነካዋለች። እንዲህ ያለው ጋቢ ድርቅ ያለ ነው፤ መልኩም አመድማ ነው፤ ነጭነቱና ልስላሴው የሚወጣው ከታጠበ በኋላ ነው። ይህን በመንደራችን የማያውቅ አልነበረም። ሌላ አገር ይታወቅ አይታወቅ ግን ማናችንም አላሰብነውም።

ደሴ ዘመድ ቤት አድረን፣ ንጋት ላይ ተሳፍረን፣ ሲመሽ አዲስ አበባ ገባን። አባቴ የተዋሰውን ካፖርት ለብሶ የተሳፋሪውን ሁሉ ጤንነት፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ሲጠይቅ ስለዋለ፣ ስንወርድ ድምፁ ሰልሎ ነበር። የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ ጽጌ፣ በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። እናቴና እትዬ ዘይነባ ከሣሏት ሁሉ ቀጭን ነበረች፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጫማዋ ተረከዝ ነበረው። ገብተን ስንቀመጥ እናቴ ጋቢውን በሁለት እጇ ይዛ ጭኗ ላይ አኖረችላት። እትዬ ጽጌ አመሰገነችና ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገችው።

በማግሥቱ ከተማውን አየን። አንበሳ ግቢ ስንገባ አባቴ በጣም ተከፋ፤ ከሐይቅ ድረስ ለመጣ እንግዳ ያ ሁሉ አንበሳ ተጋድሞ ቀና እንኳ አለማለቱን እንደ ንቀት ቆጠረው። ከዚያ አጎቴ በአሳንሰር ሊያወጣን ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ወሰደን። እናቴ የአሳንሰሩን የሚያብረቀርቅ ደጃፍ ስታይ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ እኛ ወደ ላይ ስንወጣ ጫማው ምድር ቤት ቀረ። አምስተኛ ፎቅ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ከተማውን ቁልቁል እያየች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ቤት ስንመለስ እንግዳ ነበር። የአጎቴ አለቃ ሚስት ሻይ ልትጠጣ መጥታለች። እናቴና እኔ እንዳናስቸግር ብለን ከመተላለፊያው በርጩማ ላይ ተቀመጥን። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይሰማናል። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ያለው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ ጽጌ፣

«የወለል መወልወያ ነው፤ ከገጠር የመጣ» አለች።

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች ነበር፤ ደጋግማ አስተካከለችው።

በነጋታው ስነሳ ሠራተኛዋ ጋቢውን ከእግሯ ሥር አድርጋ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተንሸራተተች፣ ወለሉን በሰም ትወለውል ነበር። የሰማችውን ነው የሠራችው። እናቴም ከኋላዬ መጥታ አየች። እንድትጮህ ፈለግሁ። እንድትነጥቃት፣ አባቴን እንድትጠራ፣ ያን ቤት በአንድ እግሩ እንድታቆመው ፈለግሁ። እናቴ ግን ሠራተኛዋን «እንደምን አደርሽ ልጄ» ብላ፣ ሰሙን ላለመርገጥ ጥግ ጥጉን ይዛ አለፈች።

ቁርስ ሲቀርብ እጇን አልዘረጋችም። ጾም ነኝ አለች። አባቴ ምንም ስላልገባው የምን ጾም ብሎ ሳቀባት። ነነዌ ካለፈ ሳምንቱ ነበር፤ ሁዳዴም ገና አልገባም።

«ነነዌ መሰናዶ ላይ ሆኜ አመለጠኝ» አለች እናቴ በለሰለሰ ድምፅ። «ዘይነባ ረመዳን ያመለጣት እንደሆነ ሌላ ቀን ጾማ ቀዷ ታወጣለች። እኔም ቀዷዬን ላውጣ።»

አጎቴ ሳህኑን ያይ ጀመር። ክርስቲያን ቀዷ ሲያወጣ ማን ሰምቶ ያውቃል? እትዬ ጽጌ ግን አልሳቀችም። ሦስት ቀን እናቴ ከዚያ ቤት ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ከስንቋ የተረፈውን ዳቦ ቆሎ ከአልጋው ጥግ ቁጭ ብላ ትቆረጥም ነበር። በባዶ ሆዷ ባቡር አየች፣ በባዶ ሆዷ መርካቶን ዞረች፤ ያየችውን ሁሉ እያደነቀች፣ አጎቴን እየመረቀች። እኔ ግን በላሁ። ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ነበር፤ ሦስቱንም ቀን በላሁ። ለራሴም ይቅር ያላልኩት ይህን ነው።

በመጨረሻው ጠዋት፣ ሁሉም ዕቃ ሲያወጣ፣ ጋቢውን ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ከተሰቀለበት አውርጄ ዘንቢሌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት።

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እናቴ የሁለት ሰው ምግብ በላች። ከዚያ ውኃ ልትፈልግ እጇን ዘንቢሌ ውስጥ ስታስገባ ጋቢውን አገኘችው። አወጣችው፣ አሸተተችው፣ በጣቷ የራሷን ክር ዳሰሰች። እመታለሁ ብዬ ነበር።

«ልጅ ናት» አለች። «ሰው ፊት አፍራ ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ፤ አንቺም ተይው። አንድ ቀን ወደ አገራችን ከመጣች፣ አጥበሽ ስጫት።»

እሺ አልኩ። አልተውኩትም።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘይነባ ሮጣ መጥታ ሙሽራዋ ጋቢውን ወደደችው ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ በጣም ወደደችው አለቻት። እትዬ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ ብላ፣ እጇን ዘርግታ፣ ለእትዬ ጽጌ ረጅም ዱዓ አደረገችላት፤ ልጅ እንዲሰጣት፣ ቤቷ እንዲሞላ። እኔ ዘንቢሌን ታቅፌ ቆሜ፣ አሚን ላለማለት አፌን ገጠምኩ።

ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ አዲስ አበባ የመምህርነት ሥልጠና ደርሶኝ ነበር። አጎቴ ቤቴ ቤትሽ ነው ብሎ ጻፈልኝ። በዚያ ወለል ላይ አልሄድም ብዬ ቀረሁ፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ውጫሌ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ገብቼ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻና የሰው ደብዳቤ በታይፕ ስመታ፣ በልቤ የራሴን ደብዳቤ ለእትዬ ጽጌ እጽፍ ነበር። በየዓመቱ አሳጠርኩት። መጨረሻ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀረ፤ እሱንም አልላክሁትም። አባቴ ሲሞት አጎቴ ብቻውን መጣ። እናቴ ያረፈችው በጦርነቱ ዓመት መንገድ ተዘግቶ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወገን ማንም አልደረሰም። የእትዬ ዘይነባ እንዝርትና የእናቴ እንዝርት ተራ በተራ ዝም አሉ። ዛሬ በዚህ መንደር ጋቢ የሚፈትል አላውቅም።

አምና መስከረም የእትዬ ጽጌ ልጅ ደወለልኝ። እናቱ ለግሸን ማርያም ንግሥ ልትሄድ እንደሆነ፣ እግረ መንገዷንም እኔ ዘንድ ማረፍ እንደምትፈልግ ነገረኝ። ደስ ይለኛል አልኩት። እውነቴን ነው፤ ስድሳ ዓመት የጠበቅሁት እንግዳ ነው።

ከመኪናው በልጇ ተደግፋ ወረደች። ጀርባዋ ጎብጧል፤ ጫማዋ ተረከዝ የለውም። ልጇ መኪናውን ሊያሳጥብ ሄደ። ሐይቁ በሚታይበት በኩል አስቀምጫት፣ ጠዋት የወጣ ዓሣ ጠብሼ፣ እጇን አስታጥቤ ምንም ሳላጓድል አቀረብኩላት። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ።

«አንቺስ፣ የሺ?» አለችኝ።

«ጾም ነኝ።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ያመለጠኝ ጾም አለ፣ እትዬ። ቀዷ ላውጣ ብዬ ነው።»

የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። እንዲህ ይሆናል ብዬ ስንት ጊዜ አስቤው ነበር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያ መናገር ጀመረች። ያኔም ጋቢ መሆኑን አውቃ እንደነበር፣ የባሏ አለቃ ሚስት ስትጠይቃት አፍራ አንድ ቃል እንዳመለጣት፣ ቃሉን ሠራተኛዋ ሰምታ እንደ ትእዛዝ እንደወሰደችው፣ ከዚያ ለመመለስ ድፍረት እንዳጣች ነገረችኝ። ሦስቱ ቀን እንደ ሦስት ዓመት ሆኖባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቷ የመጣ እንግዳ ጠግቤያለሁ ባለ ቁጥር ልቧ ይመታል። እኛ ከሄድን በኋላ ልታጥበውና ልትለብሰው፣ ለብሳውም ፎቶግራፍ ተነሥታ ለእናቴ ልትልክላት ጋቢውን ብትፈልገው አጣችው።

«ሠራተኛዋ ሰርቃኝ መስሎኝ አባረርኳት» አለች። «እያለቀሰች ነው የወጣችው። ምላ ነበር።»

ሠራተኛዋን አስታወስኳት፤ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር። ስሟን ግን አላስታውስም።

እትዬ ጽጌ ወደ ሐይቁ እያየች፣ «አንቺ ከእናትሽ ጋር ነበርሽ» አለችኝ። «ይቅር ብላኝ ይሆን? በመንገድ ላይ ምንም አላለችሽም?»

ጋቢው ከተቀመጠችበት አራት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከጓዳው ሳጥን ውስጥ ነበር። አልታጠበም፤ እናቴ ካረፈች ወዲህም አላጠብኩትም።

«ምንም አላለችኝም፣ እትዬ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ዓሣውን ሳትነካው ተነሣች። በማግሥቱ ግሸን ሄዳ፣ ስትመለስ በልጇ እጅ ጸበል ላከችልኝ፤ ስልክ ቁጥሯንም ካሌንደሩ ዳር ላይ ጽፎልኝ ሄደ።

ትናንት ራህማ ደጅ እየጠበቀችኝ፣ ጋቢውን ከሳጥኑ አውጥቼ ወደ ብርሃኑ አወጣሁት። ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ የቀረው እንደዚያው አመድማ ነው። በባልየው በኩል ይደረግ የተባለው ወፍራም ክር እንኳ ይታያል። ሳሙና አነሣሁ። መዘፍዘፊያውንም ሳብሁት።

ራህማ ብቅ ብላ አየችውና፣ «እማማ የሺ፣ ይሄማ ለሰም አንደኛ ነበር» አለችኝ እየሳቀች።

«ጨርቅ አይደለም» አልኳት። «የሰው ዕቃ ነው።»

«የማን?»

የሟች ባለቤቴን አሮጌ ሸሚዝ ሰጥቼ ሸኘኋት። ከዚያ ካሌንደሩ ፊት ትንሽ ቆምኩ። እናቴ ይቅርታዋን በእኔ እጅ ነበር የላከችው። ጋቢውን በዱሮ እጥፋቱ አጥፌ ወደ ሳጥኑ መለስኩት፤ ሳሙናውንም ወደ ቦታው።