አጥራችንን ያስነሳው ብስክሌተኛ

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። አንድ ጠዋት ልጄን አዝዬ ልብስ ሳሰጣ፣ አንድ ወጣት ብስክሌቱን አቁሞ በአጥራችንና በአስፋልቱ መካከል ያለውን ቦታ በሜትር ለክቶ አለፈ። አማቴ ክው አሉ። አጥሩን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ መንገዱ የገፉት እሳቸው ናቸው።

"ዛሬ ለኩ፣ ነገ ቤቱን ያፈርሱታል! በይ አጥሩን እናንሳ!"

"እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ልጠይቀው።"

"ጠይቂውና አስታውሺው!"

እኔ ግን ተከትዬ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ቦታ ሲለካ ደረስኩበት።

"ወንድሜ፣ ቤታችን ሊፈርስ ነው?"

ሳቀ። "ኧረ እኔ የመንግሥት ሰው አይደለሁም እህቴ። የመንገዱ ዳር የቱ ጋ ለብስክሌት እንደሚመች ስልክ ላይ ባለ ካርታ እየመዘገብኩ ነው። የእናንተን ደጅ አያሳልፍም ብዬዋለሁ።"

ስመለስ አማቴ ጎረቤት ጠርተው አጥሩን ነቅለው ወደ ውስጥ እየተከሉት ነበር። የሰማሁትን ነገርኳቸው፤ አሮጌው አጥር ግን ተነቅሎ አልቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ በዚያው ሲመለስ ቆመ። እንደገና ለካ፤ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና አማቴን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው።

"እናቴ፣ ለብስክሌት ብሎ አጥሩን የሚያነሳ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር!"

"ምን ችግር አለው ልጄ" አሉት አማቴ፣ "መንገድ እኮ የሁሉም ነው።"