ሽታ የሌላት መኪና

ጎረቤቴ ጋሽ ኤርሳዶ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰሞን፣ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳቸው ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ኬብል ወደ ታች ለቀቁ። ኬብሉ የሁለተኛውን ፎቅ ልብስ ማስጫ ታክኮ፣ የእኔን የምድር ቤት መስኮት አልፎ፣ ግቢው ውስጥ የቆመችው ትንሽ ነጭ መኪና ላይ ይሰካል። ከሥራ ስገባ በኬብሉ ሥር አጎንብሼ ማለፍ ነበረብኝ። «ዛሬስ ጠግባ ጠጣች?» ሳልል ያለፍኩበት ቀን አላስታውስም።

ቂም ነበረኝ፤ አልደብቅም። እኔ ካሊድ ጉርድ ሾላ ላይ የናፍጣ ፓምፕ ስጠግን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። መኪና ለእኔ የሚያስል፣ የሚያጨስ፣ ደረቱን አዳምጬ በሽታውን የማውቅለት ነገር ነው። ይቺ ግን ስትመጣም ስትሄድም ድምፅ የላትም። እንደ ድመት ከኋላ መጥታ አጠገብህ ትቆማለች። የገርጂ ልጆች ዙሪያዋን ከብበው ሲያዩዋት እኔ ፊቴን አዙሬ እገባለሁ።

ጋሽ ኤርሳዶ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ትውልዳቸው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲለኩ ስለኖሩ ሳይለኩ የሚያደርጉት ነገር የለም። ከቤታቸው እስከ ኢምፔሪያል ስንት እርምጃ እንደሆነ ቢጠይቋቸው ሳያስቡ ይነግሩዎታል። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሁለት ጆንያ አሸዋ ወደ መኪናዋ ሲጭኑ አየኋቸው። አንዱን የፊት ወንበር ላይ፣ አንዱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡና ለሁለቱም ቀበቶ አሰሩላቸው። ከዚያ ወደ ኦሎምፒያ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። በሦስተኛው አላስቻለኝም። መኪናዋን አስቆሜ፣ ጋሼ ጤና ነው ወይ፣ አሸዋ ነው የሚያናፍሱት አልኳቸው።

«የፊተኛው እህቴ ናት» አሉኝ። «የኋለኛው አንተ ነህ ወይም ሌላ ሰው፤ ገና አልወሰንኩም።»

ነገሩን የነገሩኝ እዚያው ቆመው ነው። ታላቅ እህታቸው እትዬ ብርነሽ እናታቸው ከሞቱ በኋላ ቅቤ እየሸጡ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ለቀያሽነት ያበቋቸው ሴት ናቸው። አዲስ አበባን ግን ረግጠው አያውቁም። የናፍጣና የቤንዚን ሽታ ይጥላቸዋል። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ለጋሽ ኤርሳዶ ሠርግ አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። ቡታጅራ ሲደርሱ አንጀታቸው እስኪወጣ አስመልሷቸው ወረዱ፤ ከሞቱ ያልተሻሉ ሆነው በጋሪ፣ በእግር፣ ተኝተው ተነሥተው በአራተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ሠርጉ ላይ የእናት ወንበር ባዶውን ዋለ። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር አጠገብ አልደረሱም። አሁን ደግሞ የጋሽ ኤርሳዶ ልጅ ሐሴት ልትዳር አንድ ወር ቀርቷታል።

መኪናዋን የገዙበት ምክንያት ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ለመባል መስሎኝ በየቀኑ ስቀልድ ከርሜአለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንገዱን ስሌት የሚጽፉበትን ደብተር አብሬ ማየት ጀመርኩ። ነገሩ አጓጓኝ፤ ምን ልበል። እያንዳንዱ ዳገት ከነከፍታው ተጽፏል። በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ሲነዱ ስንት በመቶ፣ ሰማንያ ሲነዱ ስንት በመቶ፣ ዝናብ ቢመጣ ስንት። መኪናዋ ብቻዋን ሙሉውን መንገድ አትችለውም። ሆሳዕና ላይ አድረው መኪናዋን የሚሰኩበት ሆቴል ነበራቸው፤ ጭንቀቱ መሐል መንገድ ላይ ነው። የሰው ቤት መብራት ደካማ ነው፣ ሲሰኩት ይጠፋል። ጠንካራ መስመር ያለው ማነው እያሉ ሲያሰላስሉ እኔ ነኝ ያገኘሁት። «ወፍጮ ቤት» አልኳቸው። ወፍጮ የሚያዞር መብራት ይቺ ጉንዳን አታቅተውም። የአጎቴ ልጅ አብዱልሐሚድ ደግሞ ከቡታጅራ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ወፍጮ አለው።

ጋሽ ኤርሳዶ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ደብተሩ ላይ «ካሊድ» ብለው ጻፉና ኪሎዬን ጠየቁኝ። ሰማንያ አራት አልኳቸው።

ጉዞው ማክሰኞ ሆነ፣ ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሀቢባ፣ ባለቤቴ፣ ያን ጃኬት ለብሰህ እንዳትሄድ አለችኝ። የታጠበ ነው ብያት ለበስኩት። ሀቢባ የሥራ ልብሴን ቤት አታስገባም፤ በረንዳ ላይ ነው የምትሰቅለው። ጽዳት ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ሳልናገር አደረግሁ። ጋሽ ኤርሳዶ ሲነጋጋ ቁርስ ለመቅመስ ሲወጡ፣ ትንሿን ጄኔሬተሬንና አንድ ጄሪካን ቤንዚን የኋላው ኮፈን ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ሸጎጥኩ። ደብተሩን አምኜዋለሁ፤ መኪናዋን ግን አላመንኳትም። መንገድ ላይ ስትቀር እኔ ጄኔሬተሬን አውጥቼ ሳስነሣ ይታየኝ ነበር።

መንገዱ ደስ ይል ነበር። የሞተር ጩኸት ስለሌላት ወፍ ይሰማል፣ ፍየል ይሰማል፣ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች የሚያወሩት ሳይቀር ይሰማል። ወደ መልካ ቁንጥሬ ቁልቁለቱን ስንወርድ የባትሪው ቁጥር ከስልሳ ስምንት ወደ ሰባ ወጣ። ዘወር ብዬ ጋሽ ኤርሳዶን አየኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ቁልቁለት ሲወርድ የሚሞላ ጋን አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ አላባራ አለ፤ ፍሬኑ ነው ወይስ ሞተሩ፣ ጭነት ሲበዛ ቁልቁለት ላይ የበለጠ ይመልሳል ወይ፣ ውኃ ቢገባበትስ። እሳቸው ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከዓለም ገና ጀምሮ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ካለው በሁለት በመቶ አንሷል። ንፋስ ይሆን፣ ጎማ ይሆን እያሉ ይደምራሉ ይቀንሳሉ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዝኩ።

አብዱልሐሚድ ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ዘመዴ ዘመድ አያውቅም፤ ወረፋ ወረፋ ነው ብሎ መኪናዋን ከአራት ማዳበሪያ ጤፍ ኋላ አሰለፋት። አንዲት ሴት ምን ልታስፈጭ ነው የመጣችው ብላ ጠየቀች፣ ሁሉም ሳቁ። ተራችን ሲደርስ ጋሽ ኤርሳዶ ኬብሉን ለማውጣት ኮፈኑን ከፈቱ፤ ብርድ ልብሱን ሳቡት።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ጄሪካኑ ክዳኑ ላልቶ ምንጣፉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥበት ትቷል።

«ሁለቷ በመቶ ይቺ ናት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ካሊድ፣ ባትሪ ቢያልቅ ገፍቼም አስጎትቼም እደርሳለሁ። ይሄንን ግን በምን ልግፋው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጄኔሬተሩንና ጄሪካኑን አብዱልሐሚድ ጓሮ ወስጄ ጣልኩ፤ አራቱንም በር ከፈትኩ፤ ምንጣፉን ነቅዬ አወጣሁ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሲሰሙ ሊያግዙኝ ተረባረቡ። አንዷ ሳሙና አመጣች፣ አንዷ ሎሚ፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ ውኃ ብቻውን አያወጣውም፣ ፉርሽካ ነስንሰህ እሸው፣ ቅባቱን ይጠጣዋል አሉኝ። መኪናዋ ለሦስት ሰዓት ያህል መብራቷን ስትጠጣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፉርሽካ ሳሽ ዋልኩ። ስንነሣ አሮጊቷ አፍንጫቸውን አስገብተው አሸተቱና አሁን የወፍጮ ቤት እንጂ የሌላ የምንም ሽታ የለውም ብለው ፈረዱ።

ሆሳዕና አደርን። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ብርነሽ ግቢ ስንደርስ ነጭ ለብሰው፣ ጓዛቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይነ ንቁ ሴት ናቸው። ወንድማቸውን ስመው ስመው ሲያበቁ እኔንም እጄን ይዘው የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ መኪናዋን ዞሯት። ጭሷ በየት ነው የሚወጣው አሉ። ጭስ የላትም ተባሉ። ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ፣ እጃቸውን ብረቷ ላይ አደረጉ፣ ምን ትበላለች አሉ። ጋሽ ኤርሳዶ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቆመው ይመልሳሉ። ላብ አጥምቋቸዋል።

እትዬ ብርነሽ ፊት ገቡ፣ እኔ ኋላ ገባሁ፣ በሮቹ ተዘጉ። ጋሽ ኤርሳዶ አልተንቀሳቀሱም፤ ይጠብቃሉ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አነሡ። ፊታቸው ገረጣ።

ጋሽ ኤርሳዶ ዘለው ወረዱ። ኮፈኑን ከፍተው ምንጣፉን አሸተቱ፤ እኔም ወርጄ ከጎናቸው ተንበርክኬ አሸተትኩ። ፉርሽካ ብቻ ነው። ወንበሩን አሸተትን፣ ቀበቶውን አሸተትን። ሁለት ሽማግሌ በአራት እግራችን ሆነን መኪና ስንነፈንፍ ጎረቤት ተሰብስቦ ያየናል። በሩ ክፍት ስለሆነ እትዬ ብርነሽ ቀለም ተመልሶላቸዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ኤርሳዶ፣ ተው» አሉ በመጨረሻ። «መኪናዋ ምንም የላትም።»

ሌላ አልጨመሩም። ወደ እኔም አላዩም፤ እንግዳ ነኝና አፍረውልኝ ነው። ያኔ ገባኝ። ክንዴን ቀስ ብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ምንም አልሸተተኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ናፍጣ ሲጠጣ የኖረ ጃኬት፣ ናፍጣ ሲጠጣ የኖረ ቆዳ፣ ምንም አልሸተተኝም። የበረንዳው ነገር፣ ሀቢባ ልብስ ቀይር ማለቷ፣ ሁሉም ባንዴ ተሰለፈልኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ የጄሪካን ጠብታ ስፈትግ ራሴን ይዤ ነበር የምዞረው።

ጋሽ ኤርሳዶም ገብቷቸዋል። የኋላውን በር በእጃቸው ይዘው፣ ግባ፣ መስኮት ከፍተን እንሄዳለን አሉኝ። ከልባቸው ነው። ወር ሙሉ የለኩትን፣ አሸዋ ጭነው የሞከሩትን፣ የሠላሳ ሦስት ዓመቱን ባዶ ወንበር ለእኔ ይሉኝታ ሊያስይዙት ነው። እኔ ግን ከበሩ ራቅ አልኩ። ሆሳዕና የማድርበት ዘመድ አለኝ፣ ሳላየው ብሄድ ይቀየመኛል አልኳቸው። እዚያ ዘመድ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ደብተራቸውን አወጡ፤ ስሜንና ሰማንያ አራት ኪሎዬን በአንድ መስመር ሰረዙ። ዓይናቸውን ጠረጉና ነዱ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ከዛፎቹ ኋላ ጠፋች።

እኔ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ከዚህ አውቶቡስ ሽታ የተነሣ ራሴን አመመኝ አለችኝ። አውቶቡሱ ይሁን እኔ እንጃ፤ መስኮቱን ከፈትኩላት። ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ጋሽ ኤርሳዶ ናቸው፤ እንደ ደብተራቸው ነው የሚጽፉት። «ቡታጅራ አለፍን። 61 በመቶ። አላመማትም። ዘፈን ጠየቀችኝ፣ መዝሙር ከፈትኩላት።» አንብቤ ሳበቃ አለቀስኩ። ልጅቱ ሰው ሞተብዎት ወይ አለችኝ።

ቅዳሜ ለሠርጉ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። አዲስ ሱፍ ለበስኩ፣ ሀቢባ ሽቶ ረጨችብኝ። ቦሌ አዳራሹ ስንገባ እትዬ ብርነሽ የእናት ወንበር ላይ፣ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ ቁጭ ብለዋል። ከሩቅ እጅ ነሥቼ፣ ለሙስሊም እንግዶች ከተለየው ጠረጴዛ የመጨረሻውን፣ ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር ያዝኩ። አየር ይገባበታል ብዬ ነው።

ምሳ ተበልቶ መዝሙሩ ሲደራ ግን እትዬ ብርነሽ ተነሡ። ሰው ይደግፋቸው ዘንድ አልፈቀዱም። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው እኛ ጠረጴዛ ድረስ መጡ። ከመቀመጫዬ ልነሣ ስል በእጃቸው ትከሻዬን ተጭነው መለሱኝ፤ ከጎኔ ያለውን ወንበር ስበው ወደ እኔ አስጠጉት። ሽቶው አልሠራም። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

«በል ንገረኝ» አሉኝ ከነጠላው ሥር። «ይሄ ናፍጣ የምትሉት፣ ዕድሜህን ሙሉ ምኑን ወደድክለት?»