የወንድሙ ቅዳሜና የቅርጫው በሬ

ኮልፌን ከላይ የሚያውቃት ብዙ ነው፤ ከሥር የሚያውቃት ግን ወንድሙ ብቻ ነበር። ከአየር ጤና እስከ ሳንሱሲ ድረስ የሰው ልጅ ቁጢጥ ብሎ የሚያስብበት ጉድጓድ ሁሉ የእሱ እጅ አለበት ይባላል። ከከምባታ ገና ጢም ሳያበቅል አካፋ ተሸክሞ መጣ፤ ጢሙም አካፋውም እዚሁ አብረው አረጁ። «መሬት ወንድሙን ስታይ ራሷ ትከፈትለታለች» ይሉ ነበር የሰፈሩ ሰዎች፣ ለማጋነን ሲሰንፉ።

ይህ ሰው ታዲያ አንድ ጉድ ነበረበት። ዓርብ ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘነብል፣ አካፋው ላይ የተዛቀ አፈር ቢኖር እንኳ ወደ ውጭ አይጣልም፤ እዚያው ይደፋል። አካፋው ይታጠባል፣ ዶማው ይታጠባል፣ ሁለቱም እንደ መንታ ሕፃናት በጆንያ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ይገባሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ንጉሥ ቢጠራው አይቆፍርም። ሚስቱ ጫልቱም የባሰች ነበረች። የቅዳሜ ምግብ ዓርብ ይበስላል፣ እንጨቱ ዓርብ ይፈለጣል፣ ጫማው ዓርብ ይወለወላል። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሙ ያችን አንድ ኮቱን ለብሶ፣ በክራቫቱ አንገቱን አንቆ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ሸጉጦ ከጫልቱ ጋር ወደ አድቬንቲስቶች ጸሎት ቤት ይወርዳል።

መንደሩም በየአጥሩ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ወንድሙ! በሬህ ጉድጓድ ቢገባ ዛሬ ታወጣዋለህ ወይስ ለእሁድ ትቀጥረዋለህ?»

ጌታ ራሱ በወንጌል ፈሪሳውያንን የጠየቀው ጥያቄ ነው። መንደሩ ሌላ ጥቅስ በቃሉ ባይዝ እንኳ ይህችን ይዟት ነበር።

«በሬ የለኝም» ይላል ወንድሙ ሳይቆም። «ሲኖረኝ እነግራችኋለሁ።»

ቀልዱ ቀልድ ነው። ዕድሩ ግን አይቀልድም። ሰው ሲሞት የዕድሩ ወንዶች ወጥተው መቃብር ይቆፍራሉ፤ ከዚህ የሚቀር ሰው፣ ሰው አይደለም። ባለፈው ዓመት የዕድሩ ሰብሳቢ የአቶ ሀብተማርያም እናት ዓርብ ሌሊት ዐረፉና ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። መንደሩ በሙሉ አካፋ ጨብጦ ሲቆፍር፣ የአዲስ አበባ ምዕራብ ሁሉ የሚያውቀው ቆፋሪ እጁን አጣምሮ፣ ኮቱን ለብሶ ዳር ቆመ። አልቅሷል፤ አስከሬን ተሸክሟል፤ አልቆፈረም። ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ሀብተማርያም ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ በአገጫቸው ነበር። ዕድሩም ተሰብስቦ ቃል ቆረጠ፤ አንድ ጥፋት ቢጨምር ስሙ ይሰረዛል።

ወንድሙ ቤት ደግሞ የጫልቱ እናት፣ እማማ ወርቄ፣ ከአልጋ ከዋሉ ከርመዋል። ዕድር የሌለው ቤት እሳቸውን በማን ትከሻ ያወጣል? ጫልቱ ይህን እያሰበች ሌት ስትገላበጥ፣ እማማ ወርቄ በጨለማ ውስጥ ያጽናኗታል።

«አትስጊ ልጄ። እኔ ቅዳሜ አልሞትም። ሰኞን አስቤያለሁ።»

በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ የአቶ ሀብተማርያም መጸዳጃ ቤት ሞላ። ኮልፌ ውስጥ ሌላ ቆፋሪ የጠፋ ይመስል ተፈልጎ ተፈልጎ መጨረሻው ወንድሙ ሆነ። እሱም ዕርቅ ያመጣልኛል ብሎ፣ ያለወትሮው ዋጋ እንኳ ሳይከራከር ገባ። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ጉድጓዱ ከሰው ቁመት አልፎ፣ አፉ ላይ ሳንቃ መምታት ብቻ ቀረው። በዚያው ማታ የመንደሩ የቅርጫ በሬ መጣ። ቀይ፣ ሻኛው እንደ ወጨጫ የተቆለለ፣ አምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰፈር ሁሉ ሲያየው ምራቁን ሳይሆን ልቡን የሚውጥበት በሬ ነው። የቅርጫው አለቃም አቶ ሀብተማርያም ነበሩና እሳቸው ግቢ ታሰረ።

ዓርብ ጠዋት ወንድሙ መዶሻና ሚስማር ይዞ መጣ። አቶ ሀብተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ለስግደት ሊወጡ በር ላይ አገኙት።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ሚስማር ነው ጋሼ። ሳንቃውን መትቼ ልጨርስ።»

«ሚስማር? በስቅለት ቀን? እኔ ግቢ ውስጥ?» ድምፃቸው እስከ ፌርማታው ተሰማ። «አይሁድ የመታው አልበቃ ብሎ?»

«ጋሼ፣ ነገ ደግሞ የእኔ ሰንበት ነው።»

«እንግዲያው እሁድ።»

«እሁድ ፋሲካዎ ነው።»

«ሰኞ! ሰኞ ትመታዋለህ፤ ሂድ!»

በአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ጎረቤታቸው ዙቤዳ አንገቷን ብቅ አደረገች። «የናንተ አምላክ አንድ ነው አላላችሁም? ታዲያ የዕረፍቱን ቀን ቢነግራችሁ ምን ነበረበት?» አለች። ወንድሙ ሳንቃዎቹን ያለሚስማር ጉድጓዱ ላይ ደረደረ፤ ቅጠል ጣለበት፤ ሄደ። የበሬው ገመድ ረዘም ማለቱን ግን ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወንድሙና ጫልቱ ከጸሎት ሲመለሱ ዙቤዳ ቀሚሷን ሰብስባ ስትሮጥ አገኘቻቸው።

«ወንድሙ! በሬው ገባ!»

«የት ገባ?»

«ጉድጓድህ ውስጥ ነዋ! ሳንቃውን ሰበረው!»

ወንድሙ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ይህን ሁሉ ዓመት በየአጥሩ ሲጠሩበት የኖሩት በሬ በመጨረሻ መጥቶ ነበር።

ግቢው ጢም ብሏል። ቅዳሜ ስዑር ነውና ሁሉም ካህኑ ያደሉትን ቄጤማ ግንባሩ ላይ አስሯል። ግማሹ ደግሞ አክፍሎት የያዘ፣ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም በአፉ ያልዞረ ነው። አንዱ ይናገርና ለመተንፈስ አጥር ይይዛል። በሬው በኋላ እግሮቹ ወድቆ፣ አንገቱን ወደ ግድግዳው አጥፎ ተኝቷል። ሆዱ እንደ ወናፍ ይነፋል። በጉድጓዱ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ጀምሯል፤ ከወጨጫ በኩል ደግሞ ጥቁር ዝናብ ይመጣል። ዝናቡ ከደረሰ ግድግዳው ይናዳል፤ ከተናደም በሬው ይታፈናል። ሳይታረድ የሞተ በሬ በክት ነው፤ ውሻ እንጂ ክርስቲያን አይቀምሰውም።

«እዚያው ገብተን እንረደው» አለ አንዱ።

«ፋሲካ ሳይነጋ? መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ?» አሉ አቶ ሀብተማርያም። በገመድ ሊጎትቱት ሞከሩ፤ ገመዱ አንገቱን አነቀው፤ ዐይኑ ፈጠጠ፤ ከጎታቾቹም ሁለቱ በረሃብ ተዘረሩ። ገመዱን ለቀቁት።

አቶ ሀብተማርያም ወንድሙን ያዩት ያኔ ነው።

«መጣህ? ይህ ጉድጓድ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«በሬው ቢሞት መንደሩ ፋሲካን በሽሮ ነው የሚውለው። ስምህን ዛሬውኑ ነው የምሰርዘው። ከነአማትህ፣ ከነሚስትህ!»

«ጋሼ ሀብተማርያም» አለች ዙቤዳ ከአጥሯ ላይ፣ «ትናንት ሚስማር አትመታም ብለው የጮኹት ማን ነበሩ? እስከ መርካቶ የተሰማው?»

አቶ ሀብተማርያም ፊታቸውን ወደ በሬው መለሱ።

ጫልቱ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብላ አጎንብሳ አየች። ከብት መሐል ያደገች ናት። «በሬ አይጎተትም» አለች። «አፈሩን መልሱለት። እየረገጠ ራሱ ይወጣል።»

የተቆፈረው አፈር እዚያው ተቆልሏል። አካፋው ግን ከወንድሙ አልጋ ሥር፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ወንድሙ ዞረ። በሬ ማውጣት ተጽፏል፤ አካፋው ግን አልተጻፈም። ደግሞ አካፋ ቢያነሳ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል።

ዞሮ ወደ ቤቱ ሮጠ። እማማ ወርቄ አልጋው ሲነቃነቅባቸው ነቁ።

«ምነው? ሰንበት ወጣ እንዴ?»

«አልወጣም እማማ። በሬ ገብቶ ነው።»

«ውይ፣ የተጻፈው?»

«እሱ ራሱ።»

«ታዲያ ምን ቆመህ ታወራለህ!»

አካፋውን ይዞ ሲመለስ አቶ ሀብተማርያም መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁት። ግንባራቸው ላይ ያለው ቄጤማ ይንቀጠቀጣል።

«ለእናቴ ያልተነሳ አካፋ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ለበሬ ይነሳል?»

ይኸው መጣ። በሬው ከታች አንድ ጊዜ አጓራ። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለች።

«ጋሼ፣ ለእናትዎ የመንደሩ አካፋ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኔ ብቀር ሥራው አልቀረም። ዛሬ ግን ዞር ብለው ይዩ፤ ማን አለ?»

አቶ ሀብተማርያም ዞሩ። የመንደሩ ወንዶች እንደ ታጠበ ልብስ አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል። አንዱ ቄጤማውን ሊያኝከው የፈለገ ይመስላል። በዚያ ግቢ ትናንትም ዛሬም በልቶ የዋለ ወንድ፣ ያ የሚያሾፉበት የቅዳሜ ሰው ብቻ ነበር።

አቶ ሀብተማርያም ከመንገዱ ዘወር አሉ።

ወንድሙ አፈር መመለስ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዛቀ፤ በሬው ግን አልተነሳም። አፈሩ ጀርባው ላይ ይከመር ጀመር።

«ካልተነሳ ልትቀብረው ነው!» ጮኸ ሰው።

ወንድሙ ኮቱን አወለቀ፣ ክራቫቱን ፈታ፣ ለጫልቱ ወረወረላት።

«አንተ! ግድግዳው ተሰንጥቋል!» አለች ጫልቱ።

«አይቼዋለሁ።»

ዘሎ ገባ። ጉድጓዱ ለሰውና ለበሬ አይበቃም፤ በሬው አንድ ጊዜ ቢወራጭ ወንድሙን ከግድግዳው ጋር እንደ ተልባ ይጨፈልቀዋል። የበሬውን ጭራ በሁለት እጁ ይዞ ጠመዘዘ። ምንም። ጆሮው ላይ በከምባትኛ አንድ ነገር ነገረው። ምንም። ከስንጥቁ ቁና የሚያህል አፈር ተቆርሶ ትከሻው ላይ ወረደ። ጫልቱ ዐይኗን ጨፈነች። ወንድሙ ጭራውን ነከሰው።

በሬው ተነሣ። ቀንዱ የወንድሙን ጆሮ በስንዝር ስቶ ግድግዳውን ወጋ። ወንድሙ በሬው ጀርባ ላይ ተንጠላጥሎ፣ ዙቤዳና ጫልቱ በዘረጉለት ነጠላ ተጎትቶ ወጣ፤ ሱሪው ብቻ እዚያ ቀርቶ ነበር ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ነው፣ አፈር ነው። ወንድሙ በአካፋ፣ ጫልቱ በእንቅብ፣ ዙቤዳ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ። በሬው አፈሩን እየረገጠ ይነሣል፤ ሲነሣ ይጨምሩለታል። መጀመሪያ ቀንዱ ታየ፣ ቀጥሎ ሻኛው፣ ከዚያ የተቆጣ ፊቱ። አቶ ሀብተማርያምም ነጠላቸውን ታጥቀው በባዶ እጃቸው አፈር ይገፉ ጀመር። ደክሟቸው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፤ ሁለት ጊዜ ተነሡ። በመጨረሻ በሬው የፊት እግሩን ጫፍ ላይ ጣለና፣ ሰውን ሁሉ አየት አድርጎ፣ እንደ ባላገር ዳኛ እየተንጎራደደ ወጣ። እልልታው መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም አስደነገጠ።

ወንድሙ ብዙ ቀን የለፋበትን ጉድጓድ ተመለከተ። እንደ ዐውድማ ተደልድሏል። ስድስት ቀን ቆፍሮ በሰባተኛው የደፈነ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ማለዳ አቶ ሀብተማርያም በር አንኳኩ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ መደብ ሥጋ ይዘው ነበር፤ ከሽንጡም ከጎድኑም ተለይቶ የወጣ።

«ይህ ያንተ ድርሻ ነው» አሉ። «ጉድጓዱን ነገ ትጀምራለህ። የፋሲካ እንግዳ ሁሉ ዙቤዳ አጥር ሥር እየተሰለፈ ነው።» ሊሄዱ ዞረው ቆሙ። «ስምህን አልሰረዝኩም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ግን ጭራውን ነክሰኸዋል። ጭራው የደረሰው ሰው ተጣልቶኛል።»

እማማ ወርቄ ቃላቸውን አልጠበቁም። በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኞን ሳይጠብቁ፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። ወንድሙ ቀብሩን ለእሁድ እንዲያቆዩለት ለመነ፤ መንደሩ ሬሳ አያድርም አለ። የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋና ሰዎቹ አካፋቸውን ይዘው፣ ረግጠውት ወደማያውቁት ወደ ሚሲዮኖች መቃብር ወጡ። የመጀመሪያውን ዶማ ያነሱት አቶ ሀብተማርያም ነበሩ።

ሲቆፍሩ ግን ያሳዝናሉ። ጉድጓዱ እንደ ሰካራም ፊርማ ተጣመመ። ወንድሙ እጁን አጣምሮ ዳር ቆሟል፤ ጣቶቹ ብብቱ ሥር ይንቀሳቀሳሉ። ቻለ፣ ቻለ፣ አልቻለም።

«ጋሼ፣ በራስጌ በኩል ጠበበ።»

«እጅህ ሰንበት ከጠበቀ አፍህም ይጠብቅ!» አሉ አቶ ሀብተማርያም ከጉድጓዱ ውስጥ።

ጫልቱ ከለቅሶዋ መሐል ሳታስበው ሳቀች። ሣጥኑ ወረደ፤ ጸሎቱ ተጸለየ። አቶ ሀብተማርያም ላባቸውን ጠርገው ወጡና አካፋቸውን ለወንድሙ ዘረጉለት።

«መቆፈሩ የእኛ ነበር። አፈር መመለሱን ግን ትችልበታለህ፤ አይቼሃለሁ።»

ወንድሙ ኮቱን አውልቆ ለጫልቱ ሰጣትና አካፋውን ተቀበለ።