ጌሾ በምላስ ጫፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው መንደራችን፣ ከብት ገብቶ እራት እስኪቀርብ ያለችው ሰዓት የአያቴ ነበረች። የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እኛ አባባ እንላቸዋለን። ያኔ ኩራዙ እየጨሰ፣ የምድጃው ፍም አመድ እየለበሰ የሚያወሩልን ተረት ሁሉ ስለ ሰው ፊት ነበር። ዓይን ቆቡን ደፍቶ የሚጸልይ መነኩሴ ነው፤ ጆሮ ጠመዝማዛ ዋሻ ውስጥ ከበሮ ወጥሮ የሚጠብቅ ባሕታዊ ነው። ምላስ ደግሞ የንጉሥ በረኛ።

«ምሬትን ደጅ ላይ ካልያዘው፣ እልፍኝ ከገባ በኋላ ማን ይመልሰዋል?» ይላሉ።

ይህ በረኛ አንድ ቀን እውነት ተናገረና ጥርሶች ነከሱት። «ታዲያ ለምን ጥሏቸው አይሄድም?» እላለሁ ሁልጊዜ። «የት ይሂድ? ቤቱ እዚያው!» ሲሉኝ እንስቃለን።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ መምህራችን ከመጽሐፉ የምላስ ሥዕል ሰሌዳ ላይ ገለበጡ። ጣፋጭ ከጫፍ፣ ጨው ከጎን፣ መራራ ከወደ ጉሮሮ ብቻ። በረኛው ደጁን ትቶ እልፍኝ ገባ ማለት ነው። ነገሩ አላስቀምጥ ቢለኝ ያን ምሽት ከእናቴ እንስራ አጠገብ የጌሾ ቅጠል አንስቼ ምላሴ ጫፍ ላይ አደረግሁ። መረረኝ። ተጉመጥምጬ ደገምሁ፤ መረረኝ። ለአባባ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም የምላሳቸውን ጫፍ አስነክተው ፊታቸውን አኮማተሩና «በረኛው አልተኛም» አሉ።

በማግሥቱ እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ መራራ ከጫፍም ይታወቃል። በጌሾ ሞክረነዋል።»

«ጠማቂው መጣላችሁ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ የተሳቀው በእሳቸው መሰላቸው። «መጽሐፉን ልታርም ነው?» አሉና በመዳፋቸው ግራ ጆሮዬን አጮሉት። ደወል የተደወለ መሰለኝ። ማታ ደም ወጣው፤ ሰንበት ብሎ መግል። የባሕታዊው ከበሮ ተቀዶ ነበር፤ ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

መምህሩ ግን ያለ ሽማግሌ ወደ ክፍል እንዳልመለስ አዘዙ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩን የመረጡልኝ ራሳቸው አባባ ናቸው።

«አባባ፣ እርስዎም ቀምሰውታል እኮ!»

«ቀምሻለሁ ልጄ። ከትምህርትህ ከምትቀር አንገትህ ይጎንበስ። ተሸከም።»

ተሸከምሁ። ሽማግሌዎቹ «ስለ ማርያም» አሉ፤ መምህሩ ትንሽ አስለመኑና «አውርዱለት» አሉ። ጆሮዬ ውስጥ የተወተፈውን ጥጥ ሁሉም ያዩታል፤ ምን ሆነህ ነው ያለኝ የለም። አባባም ስለ ጌሾው ትንፍሽ አላሉ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የስሜት ሕዋሳትን ስንማር አስተማሪው እግረ መንገዳቸውን «ያ የምላስ ካርታ የቆየ ስህተት ነው፤ ምላስ በሁሉም በኩል ሁሉንም ጣዕም ይለያል» ብለው አለፉ። ሌላው ጻፈ። እኔ፣ ድምፅ በቀኝ እንዲመጣልኝ ሁልጊዜ ግራ ጥግ የምቀመጠው፣ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ያን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤ ስንት ዓመት ዞርሁ፤ አንድ ቀን ለሳይንስ መምህራችን ልነግራቸው።

አምና አባባ ሲያርፉ ለቅሶ ላይ መምህሩ መጡ። በግራዬ ተቀመጡ፤ ቀኝ ጆሮዬን ላቀርብ ዞር አልሁ።

«ያ ምላሰኛ!» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። «አየህ፣ ያቺ ጥፊ ሰው አደረገችህ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጥርሴን ነከስሁ።

«አሜን» አልሁ።

የተሸከምሁት ድንጋይ፣ አባባ መልሰው አምጥተውት፣ ዛሬም ከደጃቸው አለ፤ ያን ዕለት ለቀስተኛው ሲቀመጥበት አየሁ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ እስከ ማታ ግቢውን ስዞር ዋልሁ። ከአባባ ተረት የቀረኝ ይኸው በረኛ ነው። ምሬትን ደጅ ላይ እንደሚይዝ ነገሩን፤ ከያዘው በኋላ የት እንደሚያደርሰው ግን አልነገሩንም።