ረዥሙን ግጠምልን

መኪና ከፍ ማድረግ የጎረምሳ ሥራ ነው ብዬ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሰላ ውስጥ ጎማው ደረቴ የሚደርስ ፒክአፕ ባየሁ ቁጥር «ይሄ ልጅ መሰላሉን የት አደረገው?» እያልኩ ባለቤቴን አስቃት ነበር። እሷ ቀልዱን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ መቶ ጊዜም ስቃለች። ሳቋን ከሰው የምትቆጥብ ሴት አልነበረችም።

የእኛው መኪና ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ሎንግ ቤዝ ነው፤ ኋላው ሰፊ፣ ጣሪያው የሚያፈስ። እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፤ በሥራ ተመድቤ አሰላ መጥቼ፣ እሷን አግብቼ፣ በዚያው ቀረሁ። እሷ የተወለደችው ከሳጉሬ በላይ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ተራራው በሚወጣ መንደር ነው። በበጋ አቧራውን እያቦነንን እንደርሳለን። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ነው። የስንዴ አገር ስለሆነ ትራክተሩ ሲመላለስ መንገዱን በሁለት ወገን ቦይ አድርጎ ይቆፍረዋል፤ መሐሉ ላይ ጉብታ ይቀራል። የመኪናው ጎማ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሆዱ ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ብትሰጠውም ጎማው ጭቃ ከመርጨት በቀር የሚሠራው የለም። ስንት ክረምት በበሬ ተጎትተን ወጥተናል! እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ በሬዎቹን ታመሰግን ነበር።

ከዚያ ታመመች። አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ እሷን ውጭ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለዘመድ ነው የሚነገረው። ክረምቱን መዝለቋን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ስወጣ «ምን አለህ?» አለችኝ። «መድኃኒቱን በደንብ ትውሰድ አለ» አልኳት። ያንን ወሬ ይዤ ለወንድሟ እንኳ ሳልተነፍስ ወራት ከረምኩ።

በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት እቤት ተኝታ ለመንደሯ ገብርኤል ተሳለች፤ ለሐምሌ ካደረስከኝ ጥላ በገዛ እጄ አስገባለሁ አለች። ጥላውን ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ቁም ሳጥኑ ላይ ሆኖ ሐምሌን ይጠብቅ ጀመር።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጭቃው የሚያይልበት ወቅት ነው። ወንድሟ «የመንደሩ ልጆች ከአስፋልቱ ላይ በቃሬዛ ይቀበሏታል» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እሷ ተቆጣች። «በቃሬዛ? ሳልሞት?» አለችው። ሌላ ጊዜ አላነሣውም።

ስለዚህ ስቀልድበት የኖርኩትን ነገር ልሠራ ተነሣሁ። ሊፍት ኪት ይሉታል፤ መኪናውን ከጎማው በላይ የሚያነሡ ከፍ ያሉ ባሌስትራዎችና ረዣዥም ሾክ አብዞርበሮች አንድ ላይ የሚሸጡበት ነው። አሰላ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ከጠየቅህ ምክር አታጣም። መኪና የሌለው ሰው ሁሉ አዋቂ ነው። አንዱ «ባሌስትራው ሥር ብረት ጣልበት፣ ይበቃዋል» ይላል፤ ሌላው «ከፍ ያለ መኪና ይገለበጣል፣ ልጆችህን አስብ» ይላል፤ ልጆች እንደሌሉን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው።

በግንቦት አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ ወደ ጋራዡ ጎራ አልን። መካኒኩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ ይናገራል። እሷ ፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች መስኮቱን ዝቅ አደረገች። እሱም እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቀረበ።

«አካም ጂርቱ፣ እትዬ?»

«ፈያዳ» አለችው። በኦሮምኛ የሰላምታው ወግ ነው፤ ጤነኛ ነኝ ማለት ነው። እኔ ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሞተር ቺንጋዎች ማየት ጀመርኩ።

«ሁለት ዓይነት ነው ያለው» አለ መካኒኩ። «አጭሩ ሁለት ኢንች ያነሣል። መውጣት መውረዱ ለእርስዎ አያስቸግርም። ግን የሚነሣው ቦዲው ነው፤ ዲፈረንሻሉ፣ ጉብታው የሚይዘው ብረት፣ ያው እዚያው ታች ነው። እሱን የሚያነሣው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። በአጭሩ ላይ ትልቅ ጎማ ከገጠምን ደግሞ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ እየፋቀ ይበላዋል። ረዥሙ አራት ኢንች ነው፤ ትልቁን ጎማ ይቀበላል። የእናንተን መንገድ አውቀዋለሁ፤ በረዥሙ አንድም ቦታ ሳትቆሙ ትወጣላችሁ። ግን እትዬ፣ ከፍታው...» አለና እጁን መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ወገቡ አጠገብ አድርጎ አሳያት።

«አጭሩ ይበቃናል» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ለምን?» አለችኝ።

ምን እላታለሁ? እግርሽ እያበጠ ነው፣ ሐምሌ ሲደርስ ከዚህም ይብሳል ልበላት? ያንን መናገር ሐኪሙ የነገረኝን መዘርገፍ ነው።

«እስከ ሐምሌ እኮ እድናለሁ» አለች። «ወይስ አልድንም?»

«ትድኛለሽ እንጂ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ትድናለህ የተባለ ሰው አጭሩን ይመርጣል?» አለችና ወደ መካኒኩ ዞረች። «ረዥሙን ግጠምልን።»

መካኒኩ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ገጠመው።

መኪናውን ይዤ ስመጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ በነጠላዋ ተጠቅልላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይሄ ልጅ መሰላሉን የት አደረገው?» አለች። የራሴን ቀልድ መለሰችልኝ። ሳቅን፤ እሷ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ከዚያ ገብታ በርጩማ ይዛ መጣች፤ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትቀመጥበትን ዝቅ ያለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ።

ከዚያን ቀን ወዲያ በርጩማው የመኪናው ዕቃ ሆነ። ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር ሞተሩን ሳላጠፋ ዘልዬ እወርዳለሁ፤ በርጩማውን ከኋላ አወጣለሁ፤ ዞሬ በእሷ በር ሥር አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የበሩን እጀታ ይዛ ብቻዋን ትወርድና ትወጣ ነበር፤ እጄን ብዘረጋላት ትመታኛለች። ሰኔ ሲገባ እጄን መያዝ ጀመረች። ሰኔ ሲያልቅ በርጩማው ላይ ቆማ ታርፋለች፤ ከዚያ እኔ አነሣታለሁ። ጥላው ከእሷ ይከብደኝ ነበር ብል አላጋነንኩም። «ስታገባኝ እንኳ እንዲህ አላቀፍከኝም» ትለኛለች። እኔ የመቀመጫ ቀበቶውን እታገላለሁ።

አዲሱ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ ይመታል። አጥንቷ ላይ ሲያርፍ ፊቷ ሲኮማተር አየዋለሁ። መካኒኩ «ከኋላ ጆንያ ጣሉበት፣ ይለሰልሳል» ስላለን የቢራ ገብስ በጆንያ ጫንን። እውነትም ለሰለሰ። ለሐምሌ ገብርኤል እንዲያ ሆነን ወጣን፤ ከፊት እሷ፣ ጥላው በጉልበቷ ላይ፣ ከኋላ ገብሱ።

የጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ነበር። ቦዩ በውሃ ተሞልቷል። ጎማው ሲገባ የመኪናው ሆድ ጉብታው ላይ ሲፋተግ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አንድም ቦታ ሳንቆም ወጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ አቆምኩ። ልትወርድ ሞከረች፤ እግሯ እንቢ አላት። እኔ ላወርዳት ስል «ተወኝ፣ እዚሁ ልሁን፤ ይታየኛል» አለችኝ።

አጭር ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በንግሥ ቀን ከሰው ጀርባ ቆማ የድባቡን ጫፍ ብቻ ነው የምታየው። ያን ቀን ከዚያ ከተሰቀለ መኪና ላይ ሆና፣ ከቅጥሩም ከሰዉም ራስ በላይ፣ ታቦቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየች። እልል አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደገና እልል አለች።

ቄሰ ገበዙ ስለቱን ሊቀበሉ መጡ። አጭር ሽማግሌ ናቸው። መስኮቱ ሥር ቆመው ቀና አሉና «ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ሰገነት?» አሉኝ። በርጩማውን አውጥቼ አስቀመጥኩላቸው፤ እጃቸውን ይዤ ወጡበት። እሷም ጥላውን በገዛ እጇ በመስኮት አሳልፋ ሰጠቻቸው። ከበው የቆሙት ሴቶች በእልልታ ተቀበሉት።

ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። መስኮቱን ዘግታ ውሃ የሞላውን ቦይ ትመለከት ጀመር።

«በነሐሴ ይሄ መንገድ ይብስበታል አይደል?» አለችኝ።

«ይብስበታል።»

«ይሄ መኪና ግን ይወጣል።»

«አሁን አላየሽም? ይወጣል» አልኩ፤ ጉራ ቢጤም ቃጥቶኝ ነበር።

«ለዚያ ነው ረዥሙን ያልኩት። ወንድሜና የመንደሩ ልጆች ሬሳዬን በጭቃ ተሸክመው እንዲንገላቱ አልፈልግም። ከእናቴ ጎን ነው የምትቀብረኝ።»

መኪናውን መንገዱ መሐል አቆምኩት። «ማነው የነገረሽ?» አልኳት፤ ድምፄ የቁጣ ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር። ያረጋገጥክልኝ ግን አንተ ነህ። አጭሩ ይበቃናል ስትል።»

«ታዲያ እድናለሁ ያልሽኝስ?»

«ትድኛለሽ እንድትለኝ ነዋ። አንተ ስትለው ደስ ይለኝ ነበር።»

ተናደድኩ። በእሷም፣ በራሴም፣ በሐኪሙም፣ ክፉ ወሬ እየደበቅን እንድንኖር ባስተማረን ወግም ተናደድኩ። ለየብቻችን ያለቀስንባቸው ሌሊቶች አንገበገቡኝ፤ ግድግዳ ሳይለየን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷ ጀርባዬን እያሻሸች ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠበቀችኝ። «በል ዝናቡ ሳይመለስ ንዳ፣ ገብሱ ይርስብሃል» አለች።

ፍልሰታ ሳይፈታ አረፈች።

ገብሱን አራግፈን ሳጥኑን በዚያው መኪና ጫንን። ሲያነሡት ከፍታው አስቸገራቸው፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ የማላውቀው ሰው «ምን ቢያደርገው ነው እንዲህ የሰቀለው?» ሲል ሰማሁት። አልፈረድኩበትም። እሷ እንዳለችው ጭቃው ብሶ ነበር፤ እሷ እንዳለችውም መኪናው ወጣ። ወንድሟ ጫማው ሳይቆሽሽ እህቱን ቀበረ፤ ከእናቷ ጎን።

ስንመለስ ወንድሟና ሌሎቹ ከኋላ ተቀመጡ። ከጎኔ ባለው ቦታ የተቀመጠ ሰው የለም፤ እንዲያው ተዉት። መኪናው ባዶውን እየመታ አሰላ ደረስን።

ድንኳኑ በራችን ላይ ተተክሎ፣ ሰው ሞልቶ ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ ዘልዬ ወረድኩ። በርጩማውን ከኋላ አወጣሁ። በመኪናው ፊት ዞሬ በእሷ በር ሥር አስቀመጥኩት፤ እንዳይወላገድ ጭቃውን በጫማዬ ደልደል አደረግሁ። በሩን ከፍቼ እጄን ዘረጋሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ቀስ ብሎ ከኋላዬ የመጣው ወንድሟ ነበር፤ የዘረጋሁትን እጄን ያዘኝ።