የተኩስ ድምፅ ከየት ይመጣል?

ሥራ የጀመርኩት አዲሱ ገበያ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጋሽ ታምራት ወንበር ሳቡልኝና ስክሪኑ ላይ የጦርነት ፊልም ከፈቱ። አውሮፕላኖች ተራራ ላይ ያንዣብባሉ፣ ቦምብ ይወድቃል፣ አቧራ ይነሳል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ምንም የለም።

«ጋሽ ታምራት፣ ገመዱ የተነቀለ መሰለኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። «አልተነቀለም። ፊልሙ ሲነሳም ድምፅ አልነበረውም። ያኔ ጦር ሜዳ ካሜራ ይዞ የሚሄደው ሰው ድምፅ መቅረጫ አይዝም ነበር። በቴሌቪዥን ከምትሰሚው ፍንዳታ አብዛኛው ኋላ የተጨመረ ነው።»

«ማን ነው የሚጨምረው?»

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነሻ!»

ስሜ ጽጌ ይባላል። ያደግሁት ቀጨኔ ነው፣ አሁንም እዚያው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስለ ዓለም ጦርነቶች ለሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ድምፅ ሠርቻለሁ። አንዳንዶቹ ከውጭ መጥተው ወደ አማርኛ የሚመለሱ ናቸው፤ ሌሎቹ እዚሁ የሚሠሩ፣ ጣሊያን አገራችንን ስለያዘበት ዘመን የሚናገሩ። ሙያውን አሁን የያዙት ልጆች «የታሪክ ትክክለኛነት የጸሐፊው ጉዳይ ነው፣ ድምፅ ላይ ምን ስህተት ይመጣል?» ሲሉ እሰማለሁ። ብዙ ይመጣል።

ሥራው እንዲህ ነው። ተራኪው ያነባል፣ እኔ እቀዳለሁ፣ አጸዳለሁ። ከዚያ ምስሉን እያየሁ ከሥሩ የሚሰማውን ሁሉ አስገባለሁ፤ ነፋስ፣ ኮቴ፣ ሞተር፣ ተኩስ። በመጨረሻ ሁሉንም አመጣጥኜ አዋህደዋለሁ፤ ይህን ሚክስ እንለዋለን። ሚክስ ካለቀ በኋላ የቱ ከዘመኑ የመጣ፣ የቱ ትናንት የተጨመረ እንደሆነ ተመልካች መለየት አይችልም። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ያኔ ድምፅ እንደዛሬው ከኢንተርኔት በቀላሉ አይወርድም። ጋሽ ታምራት ከውጭ ያስመጧቸው ሲዲዎች ነበሩ። እኔ ሳልቀጠር በፊት እሳቸው ራሳቸው ከአንዱ ሲዲ ላይ ያገኙትን ድምፅ ለጣሊያን አውሮፕላን ሰጥተውት ነበር። ፊልሙ እንደታየ አንድ ጡረተኛ አብራሪ ስልክ ደወሉ። «ጌታዬ፣ ያ አውሮፕላን ቦሌ ነው እንዴ የሚያርፈው?» አሏቸው። ለካ የጄት ድምፅ ኖሯል።

እኔ ከዚያ ታሪክ ተምሬ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሄድኩና የናፍጣ ሞተሩን ቀዳሁ። ፍጥነቱን ሳዘገየው ከባድ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ወጣው። ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና «ይበራል» አሉ። ባለወፍጮው ፊልሙ ከታየ በኋላ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ወፍጮዬን አያችሁት? ቦምብ ሲጥል ነበር እኮ» ሲል ሰነበተ።

ሰልፍም እንዲሁ። ሲዲው ላይ ያለው ኮቴ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚረግጥ ቦት ጫማ ነው። ፊልሙ ላይ የሚሄዱት የኛ ሰዎች ግን ባዶ እግራቸውን ናቸው። የቀጨኔን ኳስ ተጫዋቾች ለምኜ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይዣቸው ወጣሁና ጫማቸውን አስወልቄ ዳገቱን አስሮጥኳቸው። ጥበቃው ከሩቅ ሲያየን ቆየና መጣ።

«እህቴ፣ እነዚህ ልጆች ስለት አለባቸው?»

«ጦርነት እየሄዱ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ ችግኝ እንዳይረግጡ ብቻ።»

ከተጫዋቾቹ አንዱ መሐል መንገድ ላይ «እሾህ! እሾህ!» ብሎ ጮኸ። ቆርጬ ማውጣት ነበረብኝ። ግን አላወጣሁትም፣ ድምፁን ቀነስ አድርጌ ከኮቴው ጋር ተውኩት። ከጠቅላላው ቅጂ እውነት የሚመስለው እሱ ነበር።

እንዲህ እየሳቅን ስንሠራ ነው እማማ ዘነበችን ያወቅኋቸው።

ሚኪያስ የሚባል ዳይሬክተር ነበረን። ጎበዝ ነው፣ ቅን ነው፣ ግን ቶሎ ይግላል። በጣሊያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ስለታፈሱ ሰዎች ፊልም ይሠራ ነበር። እማማ ዘነበች ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ሸማኔ የነበሩት አባታቸው ሲወሰዱ እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። ሚኪያስ ግቢያቸው ውስጥ አስቀምጦ ቀረጻቸው። ስለዚያ ቀን የተናገሩት አጭር ነው። «ወታደሮች መጡ፣ አባቴን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አላየነውም።»

ሚኪያስ ቃላቸው ላይ ወታደሮች በጠባብ መንገድ ሲሄዱ የሚያሳይ አሮጌ ፊልም ደረበበት። ፊልሙ እንደተለመደው ድምፅ የለውም።

«እዚህ ጋ ተኩስ አስገቢልኝ» አለኝ። «ሁለት ጥይት፣ ከዚያ የሴት ጩኸት።»

«ተተኩሷል እንዴ?»

«ጽጌ፣ ጣሊያን ነው እኮ! ሳይተኩስ ይወስዳል?»

አስገባሁ። ጥሩ ተኩስ ነበር፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚያስተጋባ።

ሚክሱ ሊያልቅ ሲል አንድ ችግር አገኘሁ። እማማ «አላየነውም» የሚሉት ላይ የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኾ ቃሉን በልቶታል። ላፕቶፕና ማይክ ይዤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግመው እንዲሉልኝ ቤታቸው ሄድኩ። የት ጋ እንደምትገባ እንዲያውቁት ብዬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ፊልሙን ከፈትኩላቸው።

ተኩሱ ሲሰማ ክው አሉ።

«ማነው የተኮሰው?»

«የለም እማማ፣ እኛ ነን የጨመርነው። ለፊልሙ።»

ማዳመጫውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እኛ ቤት ተኩስ አልነበረም» አሉ።

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

«ጠዋት ነው። እንደ ጎረቤት አንኳኩ። የሚናገረው አስተርጓሚው ነው፣ ቀስ ብሎ። 'ትንሽ ጥያቄ አለ፣ ይመለሳሉ' አለ። አባቴ እየሠራ ነበር፣ አቆመና ተነሳ። እናቴ ጋቢውን አቀበለችው። 'ምሳ ጠብቁኝ' ብሎን ወጣ። ማንም አልጮኸ። እንኳን ሰው፣ ውሻችን አልጮኸም።»

ላፕቶፑን ዘጋሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«እናቴ ጣሊያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ገብተው፣ እኔ ተድሬ ወልጄም ትጠብቀው ነበር። የት እንደሞተ አናውቅም፣ ሬሳ አላየንም። ተዝካር አውጪ ብለው ዘመድ ሲጎተጉቷት 'ቆሞ ለሚሄድ ሰው ተዝካር አላወጣም' ትል ነበር። አሁን እናንተ ደጃፌ ላይ በሁለት ጥይት ከገደላችሁት፣ እናቴ ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቅ የኖረችው ማንን ነው?»

«አወጣዋለሁ እማማ።»

«አውጪው ልጄ። የልጅ ልጆቼ ያዩታል። ከኔ ይልቅ ቴሌቪዥኑን ነው የሚያምኑት።»

ዓረፍተ ነገሯን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ሚኪያስ ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ። «ነገ እኮ ነው የምናስረክበው! እዚያ ቦታ ላይ ዝም ካልን ሰው ቻናል ይቀይራል። ደግሞ ልጅ ነበሩ፣ ረስተው ቢሆንስ?»

«ረስተው ይሆናል» አልኩት። «እኔና አንተ ግን ጭራሽ አልነበርንም።»

ጋሽ ታምራት ከውስጥ ክፍል ወጥተው ሁለታችንንም ሰሙ። ለማንም አልፈረዱም። «ሚኪ፣ ለምን አንተ ራስህ ሄደህ አትጠይቃቸውም? ቅርብ አይደለ?» ብቻ አሉ። እሱም ጃኬቱን ነጥቆ ወጣ።

ሲመለስ ግለቱ በርዶ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠና «አውጪው» አለኝ።

«ምን አሉህ?»

«ስለ ፊልሙ ምንም አላሉኝም። 'አባትህ አለ?' አሉኝ። አለ አልኳቸው። 'ዛሬ ደውልለት' አሉኝ። በቃ።» ወደ ስክሪኑ ዞረና «ምን እናስገባ ታዲያ?» አለ።

መጀመሪያ በር ማንኳኳት ቀዳሁ። ሁለታችንም እማማ ጋ ወስደን አሰማናቸው። «ይሄ የቆርቆሮ በር ነው፣ የኛ እንጨት ነበር» አሉ። በሩን ተውኩና ጎረቤት ካለ ሸማኔ ዘንድ ገብቼ የመወርወሪያውን ድምፅ ይዤ መጣሁ፣ ወዲያ ሲሄድ፣ ወዲህ ሲመለስ። እማማ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ይሄስ ነው» አሉ፣ «ግን ይቸኩላል። አባቴ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራ።»

ተመልሼ ሸማኔውን ቀስ በል አልኩት። «ሌላው ሁሉ ፍጠን ይለኛል» ብሎ ሳቀና ቀስ ብሎ ሠራልኝ።

እንዲያ ሆኖ አለቀ። እማማ ይናገራሉ፣ ከሥር መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ወታደሮቹ በመንገዱ ያልፋሉ፤ ምንም አይሰማም። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርም እንደገና ተናገሩልን፣ በዚህ ጊዜ ዶሮው ዝም አለ።

ፊልሙን ካስረከብን በኋላ የጣቢያው ሰው ለጋሽ ታምራት ደወለ። «መሐል ላይ ድምፁ ይቋረጣል። የቴክኒክ ችግር ነው?»

«አይደለም» አሉት። «እንደዚያ ነው የሆነው።»

«ተመልካች የተበላሸ ይመስለዋል እኮ።»

«ይምሰለው፤ ትንሽ ይታገሥ።»

እውነትም መሰለው። እኛ ቤት ራሱ ያ ቦታ ሲደርስ ወንድሜ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን በጥፊ አጮለው። «ተው! ሥራዬ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። እናቴ «ዝም ማለት ነው ሥራሽ?» አለችኝና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በእሑዱ ከቅዳሴ ስወጣ እማማ ዘነበች ጋ ጎራ አልኩ። ፊልሙን ከቤተሰቡ ጋር ተሰብስበው አይተውታል። እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው።

«ወፍራም አድርጋችሁ አሳያችሁኝ» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ባንክ ወደምትሠራው የልጅ ልጃቸው በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እሷ፣ ድምፁ ጸጥ ሲል ዞር ብላ አየችኝና 'አያቴ፣ ከዚያስ የት ወሰዱት?' አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ይሄን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ስለ አባቴ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ቁጭ ብለን ስናወራ አመሸን።»

ያን ተኩስ ትተነው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ የምትጠይቀው ነገር አይኖርም ነበር፤ መልሱን ቀድመን፣ ያውም በውሸት፣ ሰጥተናት ነበርና።

ሙያውን ለምትይዙት የምለው ይህን ነው። ምስሉ ላይ ምን ይሰማ እንደነበር ካላወቃችሁ፣ የነበረ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ካላገኛችሁ ምንም አትጨምሩበት።