የበጠስኩት ማተብ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ እግር ሥር በየዓመቱ ስወድቅ ቁጣዬን፣ ሆዳምነቴን፣ በቅዳሴ መካከል ማንቀላፋቴን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህችን አንዷን እዘላት ነበር። እሳቸውም ሳይሰሟት ሞቱ። አሁን የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ የማላውቅህ አንባቢ። በእጅህ መስቀል የለም፤ ይሻላል። መስቀል የያዘ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ የላስታ ቄስ ነኝ። መምሬ ጌጡ ይሉኛል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ መስቀል ይሳለማል፣ የተጣላ ያስታርቁን ይለኛል፣ የታመመ ጸበል ይርጩኝ ይለኛል። እኔ ግን ከሞተች ሕፃን አንገት ላይ ማተብ የበጠስኩ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ ልበለው፤ ኋላ እያሳመርኩ ሳወራው እንዳልገኝ።

ምን ቀሰቀሰህ ብትለኝ፣ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ላሊበላ አስጎብኚ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። ባለፈው መጣና፣ "መምሬ፣ ካቶሊክ እንግዶች ይዤ ነበር። መቁጠሪያቸውን ይዘው ቤተ ማርያም ውስጥ ተንበርክከው ሲጸልዩ አረፈዱ። የእነሱ ቅዱሳን፣ መቁጠሪያቸው፣ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ምስል፣ ለዛሬ ሰው ምን ይጠቅማል? ከኛስ በምን ይለያል?" አለኝ። ሊቅ ነኛ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጉባኤ ጠቀስኩ፣ ባሕርይ ለየሁ፣ አንዱን ጳጳስ ረገምኩ፣ ሌላውን አመሰገንኩ። ልጁ ረክቶ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። የጠየቀኝን ነገር መልሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የነገርኩት ደግሞ እሱን አልነበረም።

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ። ከገነተ ማርያም ወረድ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ሸራ ተወጥሮ መጠለያ ተሠራ። ከሙጃ በኩል፣ ከፍላቂት ማዶ ሳይቀር፣ ገብስ አምራች የነበረ ሕዝብ በእግሩ እየወደቀ እየተነሳ መጣ። ካድሬው አቅም ያለውን ሰብስቦ "ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው" እያለ ያስተምራል። እኛ ካህናቱ ከኋላ ቁጭ ብለን በውስጣችን እንረግመዋለን። ዛሬ ሳስበው፣ ካድሬው እኔን ደህና አድርጎ ቢያውቀኝ ማደንዘዣ ብሎ አያሞግሰኝም ነበር። ማደንዘዣ እኮ ሕመም ያስታግሳል።

መጠለያው ውስጥ አንዲት ካቶሊክ መነኩሲት ነበረች። ነርስ ናት፣ የአዲግራት ልጅ፣ ለተኪዳን የምትባል። እናቶቹ "እማሆይ" ብለው ይጠሯት ጀመር። ይህ እኛን ካህናቱን አንገበገበን። "ሲስተር በሏት፤ እማሆይ የሚባሉት የኛዎቹ ናቸው" እያልን በየድንኳኑ በር ቆመን ተናገርን። ውስጥ አልገባንም። ለስሟ የሚሆን ጉልበት ነበረን፣ ለበሽተኛ ውሃ ማቀበያ ግን አልነበረንም።

ከድንኳኗ ምሰሶ ላይ ሕፃን የታቀፈ የአንድ መነኩሴ ሥዕል ሰቅላለች። ማን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ "ቅዱስ አንጦንዮስ ነው፤ በኛ ዘንድ የጠፋ ሲፈለግ ይለመናል" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ በመንገድ ልጅ የጠፋባቸው እናቶች እዚያ ሥር ቁጭ ብለው ይውላሉ። እኔ ምን አልኩ? "የፈረንጅ ጻድቅ አማርኛ አይሰማም" አልኩ። ለክብሬ ሲሉ ፈገግ አሉልኝና መልሰው ወደ ሥዕሉ ዞሩ። እሷ ደግሞ መቁጠሪያዋ ከግራ እጇ አይለይም። በግራዋ እየቆጠረች "ሰላም ለኪ" ትላለች፣ በቀኟ ወተቱን በማንኪያ ለልጆቹ ታጎርሳለች። እኔም መቁጠሪያ ነበረኝ። የኔው ረዘም ይል ነበር።

ብርቄ የሙጃ አገር ሴት ናት። ባሏን ለሰፈራ ብለው በመኪና ጭነው ወስደውባታል። እርጉዝ ሆና መጠለያ ደረሰች፣ እዚያው ሴት ልጅ ወለደች። ልማዳችንን ታውቃለህ፤ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ሳትነሳ የሞተች ፍትሐት አይደረስላትም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም አታርፍም። በረሃብ ያለቀ ሕዝብ ይህን አልረሳውም። እንጀራ ያጣች እናት እንኳ ልጇ ከቅጥሩ ውጭ እንዳትቀር ትጨነቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መነኩሲቷ ቤቴ ድረስ መጣች። ብቻዬን ነበርኩ። ጎንበስ ብላ መስቀሌን ተሳለመች፤ ካቶሊክ ሆና የኔን መስቀል ተሳለመች።

"አባቴ፣ የብርቄ ልጅ እየደከመች ነው። ሰማንያዋ አልሞላም። ለታመመ ግን ሥርዓታችሁ ይፈቅዳል፣ እርስዎ ያውቁታል። እናቲቱም ትኩሳት ላይ ናት፤ ወደ እርስዎ መምጣቴንም አልነገርኳት። ይምጡና ያጥምቋት።"

እንደሚፈቅድ አውቃለሁ። ዲያቆን ሳለሁ ነው የተማርኩት። ግን መጠለያው ውስጥ ተስቦ ገብቷል፤ ከመካከላችን ደፍረው የገቡትን አንድ ቄስ ሳምንት ሳይቆዩ ነው የቀበርናቸው። ፈራሁ። መፍራቴ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተን አላስቸግርህም ነበር።

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ" አልኳት።

"ነገ አትደርስም፣ አባቴ።"

"እሱ በእግዚአብሔር እጅ ነው" አልኩ።

ፈሪ ሁሉ የሚሸሸግባት ቃል ናት። መነኩሲቷ ቀና ብላ አየችኝና እየሮጠች በመጣችበት ተመለሰች። እኔ ወደ ጸሎቴ ዞርኩ። አዎ፣ ጸሎት አደረስኩ፤ አንዲት ቃል ሳልስት አደረስኩ።

ሕፃኗ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። ከማረፏ በፊት መነኩሲቷ፣ ቄስ እንደማይመጣ ስታውቅ፣ ብርቄን ጠይቃ፣ ውሃ አፍስሳ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቀቻት። እነሱ ዘንድ ለሞት የቀረበን ማንም ክርስቲያን ማጥመቅ ይችላል አሉ። የኛን ልማድም አልረሳችም፤ ጥቁር ክር ፈልጋ ማተብ አሰረችላት። የሚንጠለጠል መስቀል ስላልነበራት ከራሷ አንገት ላይ የማርያም ምስል ያለባትን ትንሽ ሜዳልያ ፈትታ አደረገችላት።

በማግስቱ ጠዋት ሬሳዋን በነጠላ ጠቅልለው ደብራችን አመጧት። ከቅሬው፣ ከቀብር ማኅበራችን፣ መቆም የቻሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መነኩሲቷ ብርቄን ደግፋታለች። እኔ የቅጥሩ በር ላይ ቆምኩ።

"መምሬ፣ ልጄ ክርስትና ተነስታለች" አለች ብርቄ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

የቅሬው ዳኛ፣ ክፋት የማያውቁ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ዞሩና፣ "እርስዎን ምነው አልጠሩዎትም? ሰው አልላኩብዎትም እንዴ?" አሉኝ።

ይኸው ነው። ሕይወቴ እዚያ ጥያቄ ላይ ነው የቀረችው። "ተጠርቼ ነበር፣ ፈርቼ ቀረሁ" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ያኔ ከበደኝ። የሕፃኗን ጥምቀት ብቀበል ጥያቄው ይከተለኛል፤ ካቶሊኳ ደርሳ ቄሱ የት ነበር ይባላል። ስለዚህ ሕፃኗን መጣል ነበረብኝ።

"ማን ጠራኝ?" አልኩ። "ማንም አልጠራኝም። ይህቺ ሴት ካህን ሳታስጠራ በልጆቻችን ላይ የፈለገችውን ታደርጋለች።"

መነኩሲቷ አጠገቤ ቆማለች። ታጋልጠኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"ጥፋቱ የኔ ይሁን፣ አባቴ። ልጅቷን ግን ይቀበሏት።"

ይህ ምሕረት ነበር። እኔን አድና፣ ራሷን ከስሳ፣ አንዲት ሬሳ ብቻ ለመነችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ምሕረቷ አቃጠለኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ነጠላውን ገለጥኩ፣ ማተቡን በጠስኩት። በጣቶቼ በጠስኩት። ክሩ ቀጭን ነበር፣ አልታገለኝም። "ይህ ማተብ አይደለም፣ የፈረንጅ ቆርቆሮ ነው" ብዬ ለመነኩሲቷ ወረወርኩላት። የማርያምን ምስል አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። ቀን ከሌት ስሟን እየጠራሁ የምበላ ሰው፣ ምስሏን ከሕፃን አንገት ላይ በጠስኩ።

"ኧረ መምሬ፣ ስለ እመቤቲቱ! የጨቅላ አንገት እኮ ነው!" አሉ ሽማግሌው።

ብርቄ አላለቀሰችም። ነጠላውን መልሳ የልጇን አንገት ሸፈነች።

ከቅጥሩ ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ቀበሯት። መነኩሲቷ በመቁጠሪያዋ ጸሎት አደረሰች፣ ሴቶቹ አሜን አሉ። እኔ ከቅጥሩ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ካህን ከሆንኩ ወዲህ የሰማሁት እውነተኛ ፍትሐት ያ ይመስለኛል።

ያለ ካህን የተደረገ ጥምቀት ይቆጠራል አይቆጠርም፣ ሊቃውንት ይከራከሩበት። ሕጉ ከኔ ጋር ሊቆም ይችላል። ቢቆምስ? እኔ ለሕግ ብዬ ነው እንዴ? ሕግ ባከብር ኖሮ በዋዜማው ተነስቼ አልሄድም ነበር?

ከቀናት በኋላ መነኩሲቷን መንገድ ላይ አገኘኋት። "ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም።

"እነዚህ ሰዎች በሬያቸውም፣ ቤታቸውም፣ ልጆቻቸውም አልቀዋል" አለችኝ። "ቄሳቸውን ደግሞ እኔ ልውሰድባቸው?"

መጠለያው ሲፈርስ ሄደች። የት እንደደረሰች አልጠየቅሁም። ለዚያ አስጎብኚ ልጅ መንገር የነበረብኝ ይህን ነው። ሥዕሉ፣ መቁጠሪያው፣ ሜዳልያው ምን ይጠቅማል ላለኝ፣ እሷ በያዘችው ጊዜ ሰው ከሞት ጋር ብቻውን እንዳይቀር ጠቅሟል ልለው ይገባ ነበር። የኔው መቁጠሪያ፣ የኔው መስቀል፣ የኔው የቅዱሳን ስም ዝርዝር በኔ እጅ ምን እንደሠራም ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም።

አሁን የባሰው ቀርቷል። ብርቄ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ባሏም ከሰፈራ አልመጣም። እኛው ሰፈር እህል እየፈጨች፣ ጠላ እየጠመቀች ኖረች፤ የነፍስ ልጄም ሆነች። አዎ፣ የኔ። በየዓቢይ ጾሙ እግሬ ሥር ተንበርክካ ያችኑ ትናዘዛለች። "መምሬ፣ ቄስ ሳላስጠራ ልጄን ለሌላ ሃይማኖት እጅ ሰጠሁ፤ ከቅጥር ውጭ አስቀረኋት።" እኔም ንስሐ እሰጣታለሁ። ስገጂ እላታለሁ፣ ትሰግዳለች። ጹሚ እላታለሁ፣ ትጾማለች። ጉልበቷ እስኪላጥ የኔን ኃጢአት ሰገደችልኝ። አንድ ዓመት እንኳ "ተይ ብርቄ፣ ተጠርቼ የቀረሁት እኔ ነኝ" አላልኳትም። መጀመሪያ አፍሬ ነው። ኋላ ላይ፣ እስካሁን ለምን ዝም አሉ እንዳትለኝ ብዬ ነው። ውሸት ሲቆይ ይወፍራል፤ ኋላ በበር አይወጣም።

አምና ታመመች። ላናዝዛት ሄድኩ። ያችኑ ደገመችልኝ፣ እኔም መስቀሌን ግንባሯ ላይ አድርጌ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አልኩ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"መምሬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ስሞት፣ በፍትሐቴ ላይ ስሜን ሲጠሩ የልጄንም ስም አብረው ቢጠሩልኝ። ያቺ እማሆይ ወለተ ማርያም ብላታለች። ሥርዓት ካልሆነ ግን ይቅር፣ እርስዎን እንዳላስቀይም።"

"እጠራታለሁ" አልኳት። ፊቷ በራ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

የቀብሯ ዕለት ሰው መጣ። ከሌላ ደብር የመጡ ካህናትም ነበሩ። ጸሎቱ ስም ከሚጠራበት ቦታ ሲደርስ የብርቄን የክርስትና ስም ጠራሁ። ቀጥሎ አፌን ከፈትኩ። ካህናቱ ወደ እኔ አዩ። ይህቺ ወለተ ማርያም ማናት ቢሉኝስ? ማን አጠመቃት፣ የት ተቀበረች፣ አንተ የት ነበርክ ቢሉኝስ? እነዚህን ጥያቄዎች እድሜ ልኬን ስሸሻቸው ኖሬ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

አፌን ዘጋሁ። ጸሎቱን ጨረስኩ። ተዝካሯንም በላሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ አንባቢ። ያኔ ተስቦው አስፈራኝ ልበል። የቀብሩ ዕለት ምን ነበር የሚያስፈራኝ? ረሃብ የለ፣ በሽታ የለ፣ ደርግ የለ። ብርቄ የለመነችኝ አንድ ስም ነበር። እጠራታለሁ አልኳት፤ አልጠራኋትም።